በፊልም ያለፈለት እንድሪስ

ጋሽ ሳልህ ስልክ መደወል አይወዱም። ከደወሉ ወይ ሰው ታሟል፣ ወይ ሰው ሞቷል። ያን ዕለት ጠዋት ኮምቦልቻ፣ ከምሠራበት ፋብሪካ ጽሕፈት ቤት ገና መግባቴ ነበር። ሰላም ከተባባልን በኋላ፣ «እንድሪስ ሄደ። ጀናዛው ከቀትሩ የዙህር ሰላት በኋላ ነው፤ ከቻልክ ድረስ» አሉኝ። ሁለታችንም ለወራት ስንፈራው የከረምነው ነገር ነበር።

አለቃዬን አስፈቅጄ ወደ ደሴ የሚወጣ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። የሐረጎን ጠመዝማዛ ስንወጣ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት፣ ሾፌሩ መብራት አብርቶ በቀስታ ይነዳል። እንድሪስን ሰው ሁሉ የሚያውቀው በፊልሙ ነው። ፊልሙን ያየ ሁሉ የጎዳና ሠዓሊው ልጅ በመጨረሻ እንዳለፈለት ያውቃል። የፊልሙን ስም አልጽፈውም። እኔ የማውቀው ሌላውን እንድሪስ ነው።

የተዋወቅነው በአንዲት ሴት ሥዕል ምክንያት ነው። ያኔ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ከጋሽ ሳልህ በተከራየኋት ጠባብ ክፍል ውስጥ የማስታወቂያ ጽሑፍ እጽፍ ነበር። ጋሽ ሳልህ አያታቸው ከየመን የመጡ፣ የቀለምና የቆርቆሮ ነጋዴ ናቸው። ፊደል ላይ ማንም አይደርስብኝም ነበር። «ሥጋ ቤት»፣ «ልብስ ስፌት»፣ «አልጋ አለ»፤ ከመንገድ ማዶ ሆኖ የሚነበብ አድርጌ እጽፋለሁ። ሥዕል ግን እንቢ አለኝ። ለአንድ የሴቶች ፀጉር ቤት የሳልኳትን ሴት ባለቤቲቱ ቆማ አየቻትና፣ «ይቺ ፀጉር ልትሠራ የመጣች ናት ወይስ ዘበኛችን ናት?» ብላ ሥዕሉን መለሰችልኝ። ጋሽ ሳልህ ስቀው ሲያበቁ፣ መናኸሪያው አጠገብ በከሰልና በጠመኔ የሚስል ልጅ መኖሩን ነገሩኝ።

ሄጄ አየሁት። ሃያ ሁለት ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ቀጭን፣ ጆሮው ትልቅ፣ የለበሰው ሹራብ ክርኑ ላይ ያለቀ። አስፋልቱ ዳር ተንበርክኮ እንጨት የተሸከሙ ሽማግሌ ይስላል። ሽማግሌው ራሳቸው ሸክማቸውን ሳያወርዱ ቆመው ያያሉ። ወዲያው ዝናብ መጣና የከበበው ሰው ተበተነ። እንድሪስ ግን አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ሥዕሉ ሲታጠብ ያያል። አጠገቡ ተቀመጥኩና አያሳዝንህም ወይ አልኩት። «ሰውዬው እኮ አሉ» አለኝ፣ በአገጩ ወደ ሽማግሌው እያመለከተ።

በሳምንቱ አብሮኝ ሥራ ጀመረ፤ እኔ ፊደሉን፣ እሱ ሥዕሉን። የሳላት የፀጉር ቤት ሴት ዓመት ሙሉ የሰፈሩን ሰው ስታስቆም ኖረች።

አመል ነበረው። በከሰል የጠቆረ ጣቱን ማጅራቱ ላይ ነው የሚጠርገው፤ ስለዚህ ከኋላው ሁልጊዜ ጥቁር ነበር፣ በጁምዓ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ መስጊድ ሲሄድ እንኳ አይለቅም። ሰው ልስላችሁ አይልም፤ ዝም ብሎ ያያል። አንዳንዱን ሳለኝ ብሎ የመጣ ሰው ትኩር ብሎ አይቶ፣ «ይቅርታ፣ ፊትህ ገና አልጨረሰም» ብሎ ይመልሰዋል። ሰውየው ተቆጥቶ ሲሄድ እኔም እቆጣዋለሁ። «አብሽር፣ አይዞህ» ይለኛል፤ «ሲጨርስ ይመጣል።»

የመጣው ከሐርቡ ነው። አባቱ ሲሞቱ ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ ወጣ። እናቱ እማ ዘሃራ ሐርቡ ገበያ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም እየሸጡ ይኖራሉ። በወር በወር ይጠይቃቸው ነበር። ሲመለስ ስለ እሳቸው ብዙ አያወራም፤ ግን ሁለት ሦስት ቀን ፊቱ በርቶ ይሰነብታል።

በሰሜን የነበረው ጦርነት አልቆ መርዶው በየመንደሩ ከተነገረ ዓመት ሳይሞላው፣ ከቢስቲማ አንዲት ሴት ወደ ክፍላችን መጡ። እማማ ጥሩነሽ ይባላሉ። አንድ ልጃቸው ዘምቶ ቀርቷል። ፎቶግራፍ ተነስቶ አያውቅም። ለመናኸሪያው ሰው ስለ ሐዘናቸው ሲነግሩ፣ አንድ ሰው ወደ እኛ ላካቸው። እንድሪስ አላየሁትም፣ አልችልም አላለም። ከእኛው ክፍል በርጩማ አውጥቶ አስቀመጣቸውና መጠየቅ ጀመረ። ሲቆጣ ግንባሩ እንዴት ይሆናል? ሲስቅ የቱ ጥርሱ ይታያል? ሲበላ ያጎነብሳል? ሲተኛ አፉ ይከፈታል? ሴትዮዋ መጀመሪያ እያለቀሱ፣ በኋላ እየሳቁ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ሲመልሱለት ዋሉ። ማደሪያ የሰጧቸው ጋሽ ሳልህ ናቸው።

በሦስተኛው ቀን ሥዕሉን አሳያቸው። ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ በመዳፋቸው የሥዕሉን ዓይን ሸፈኑ፣ አነሱ፤ አፉን ሸፈኑ፣ አነሱ።

«አፉ እሱ ነው» አሉ። «ዓይኑን ግን ተወው ልጄ፣ አትድከም። እኔም እየረሳሁት ነው።»

ሥዕሉን በነጠላቸው ጠቅልለው ይዘው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ወሬው በገጠሩ ሁሉ ተሰማ። ፎቶ የሌለው ሟች ያለበት ቤተሰብ ክርስቲያኑም እስላሙም እየመጣ በራችን ላይ ይቀመጥ ጀመር። እንድሪስ ዝነኛ ሆነ ከተባለ፣ እውነተኛው ዝናው ያ ነው። ጋዜጣ ላይ አልወጣም፤ የትም አልተጻፈም።

ዳይሬክተሩ ከአዲስ አበባ የመጣው ይህን ወሬ ሰምቶ ነው። ቢንያም ይባላል፤ ወጣት፣ ትሑት፣ ሰው ሲያወራ የማያቋርጥ። በመጥፎ ዓይን ላየው ብሞክርም አልቻልኩም ነበር። ሁለት ወር ያህል ደሴ ተቀምጦ በየቀኑ እኛ ክፍል ይውላል፤ በትንሽ ቴፕ ይቀዳል። እንድሪስ ሁሉንም ነገረው፤ የአባቱን ሞት፣ መናኸሪያውን፣ የእማማ ጥሩነሽን ነገር ሳይቀር፣ ከነልጁ ስም ከነመንደሩ። በፊልሙ ላይ ራስህ ትሠራለህ ብሎት ነበር። በኋላ የካሜራ ሙከራ አደረጉና ፊቱ ለካሜራ እንደማይሆን ነገሩት። ከአዲስ አበባ ረጅም ቆንጆ ተዋናይ መጣ። የእንድሪስ እጅ ብቻ ተፈለገ፤ ፊልሙ ላይ ሲስል የሚታየው እጅ የእሱ ነው። እኔ ተናድጄ ነበር። እሱ ግን፣ «ፊቴ ገና አልጨረሰም ማለት ነው» ብሎ ሳቀ።

ፊልሙ ደሴ የታየ ዕለት አዳራሹ አልበቃ ብሎ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። እንድሪስ የጋሽ ሳልህን ኮት ለብሶ ፊት ተቀመጠ፤ እኔ አጠገቡ። መጀመሪያ ላይ የሚታየው የእኛው መናኸሪያ፣ የእኛው ዝናብ ነበር፤ ሰው ያጨበጭባል። ከዚያ ልጁን ፈረንጆች ያገኙታል። ሥዕሉ በውጭ አገር ትልቅ አዳራሽ ይሰቀላል፤ ነጭ ሱፍ ይለብሳል፤ ለእናቱ ፎቅ ይሠራላታል። መጨረሻው ላይ ከገጠር የመጣችው እናት ሥዕሉን አቅፋ ስታለቅስ በሩ ይከፈትና፣ ሞተ የተባለው ልጇ በሕይወት ይገባል። አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። መብራት ሲበራ ሕዝቡ ወደ እንድሪስ ዞሮ ቆሞ አጨበጨበለት። ስክሪኑ ላይ ስሙ ተጽፏል፤ በደሴው ሠዓሊ በእንድሪስ እውነተኛ ሕይወት ላይ የተመሠረተ ይላል።

ፎቁም፣ ነጭ ሱፉም፣ የተዋናዩ ቁንጅናም አላስከፋውም። ውጭ ስንወጣ ቢንያምን ክንዱን ይዞ፣ የሞተው ልጅ ለምን ተመለሰ ብሎ ጠየቀው። ቢንያም ሕዝቡ ብዙ እንዳለቀሰ፣ አሁን ተስፋ እንደሚፈልግ፣ ያለዚያ ማንም ፊልሙን እንደማያይ በትዕግሥት አስረዳው። እንድሪስ ሰማውና፣ «ሴትዮዋ ብታየውስ?» አለ። «ቢስቲማ ሲኒማ የለም» አለ ቢንያም።

ሲኒማ ባይኖርም ፊልሙ በየቤቱ በሲዲ ገባ፤ በየአውቶቡሱ ይታይ ጀመር። እንድሪስ አላስችል ብሎት ቢስቲማ ሄደ። ሴትዮዋ ፊልሙን አላዩም። ግን ደሴ ደርሰው የተመለሱ የመንደሩ ልጆች ነግረዋቸዋል። እንድሪስ ሲደርስ ደጃቸውን ጠርገው፣ የታጠበ ቀሚስ ለብሰው አገኛቸው።

«ልጄ፣ የት አገኙት?» አሉት ገና ሰላም ሳይሉት።

ፊልም መሆኑን፣ ጨዋታ መሆኑን ነገራቸው።

«ጨዋታ መሆኑንማ ነግረውኛል። ግን ስሙን ጠርተዋል፣ አገሩን ጠርተዋል። እንዲያው ከመሬት ተነስተው ይህን ይላሉ?»

ምን ብሎ እንደመለሰ አልነገረኝም። ቀኑን ሙሉ አብሯቸው ዋለ። ሲሄድ እስከ መኪናው መንገድ ሸኙትና፣ «ካገኘሃቸው፣ ከዚያው ቤቴ እንዳለሁ ንገርልኝ» አሉት። ይህን የነገረኝ ደሴ በተመለሰ ማታ ነው። «ወላሂ ጌታቸው፣ ልጇን ሁለተኛ ገደልኩባት» አለኝ። ከዚያ በኋላ የሟች ፊት አልሳለም። እየመጡ ይለምኑታል፤ ረሳሁ፣ ተውኩት ይላቸዋል። ለጥቂት ጊዜ በራችን ላይ ተቀምጠው ይሄዳሉ።

ትንሽ ቆይቶ መምጣታቸውም ቀረ። የሚመጣው ሌላ ሰው ሆነ። ልጄን ውጭ ላክልኝ፣ ለፈረንጆቹ ንገርልኝ፣ ሚስቴን አሳክምልኝ የሚል። የለኝም ሲላቸው ኩራተኛ ሆነ ይላሉ። ነጋዴዎቹም ሥራ አያመጡም፤ አንተን አሁን እኛ አንችልህም ብለው በአክብሮት ያልፉታል። በዚያ ላይ ማስታወቂያ በፕላስቲክ የሚያትም ማሽን ደሴ ገባ። የእኔ ፊደል ዋጋ አጣ። ልጆች ነበሩኝ፤ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ሥራ ሳገኝ ክፍሏን ትቼለት ወረድኩ። ና አብረን እንሂድ አላልኩትም። ለምን እንዳላልኩት እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ።

ከሁሉ የከፋው የሐርቡ ነገር ነው። ፊልሙ እዚያም ደርሶ ነበር። እናቱን ሊጠይቅ ሲሄድ ጎረቤቱ ሁሉ ግቢው ውስጥ ተሰብስቦ ጠበቀው። እሱ የያዘው አንድ ኪሎ ስኳርና ለእናቱ ሻርፕ ነበር። ሰው ስኳሩን አየ፣ እማ ዘሃራን አየ። እማ ዘሃራ አፍረው ቤት ገቡ። እንድሪስ ያን ቀን ወጥቶ፣ ባዶ እጄን አልሄድም እያለ መሄዱን ተወ። ወር አለፈ፣ ዓመት አለፈ።

አንድ ቀን እማ ዘሃራ ኮምቦልቻ መጥተው ፋብሪካው በር ላይ አስጠሩኝ። እንድቀመጥ እንኳ ጊዜ አልሰጡኝም።

«ጌታቸው፣ እናት አለህ። እውነቱን ንገረኝ። ልጄ ምን በድዬው ነው የጠላኝ?»

«አልጠላዎትም እማ ዘሃራ። የለውም። ፊልሙ ውሸት ነው። ያለው እኔ የተውኩለት አንዲት ክፍል ናት።»

ዓይን ዓይኔን አዩኝ። «አንተም ጓደኛው ነህ» አሉ። «ምን ልትል ትችላለህ?» ሻይ ልጋብዝዎት ብል እንቢ ብለው ሄዱ። ምን ብዬ ባስረዳቸው ያምኑኝ እንደነበር ዛሬም አላውቅም።

እንድሪስ በኋላ የሕንፃ ቀለም ቀቢ ሆነ። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ በየቦታው ፎቅ የሚቆምበት ጊዜ ስለነበር የቀን ሥራ አላጣም። ኮምቦልቻ ሲመጣ እኔ ጋ ይመገባል፤ ልጆቼ ሥዕል ሳልልን ሲሉት እጁ ቀለም መሆኑን ያሳያቸዋል። አንድ ቀን ፊቱ አብጦ መጣ። ጥርስ ነው አለ። ጥርስ አልነበረም፤ ኩላሊቱ ነበር። ሐኪሞቹ አዲስ አበባ ሄዶ እንዲታከም ጻፉለት። በነጻ ለመታከም አቅም እንደሌለው ከቀበሌ ማስረጃ ማምጣት ነበረበት። ቢንያምን በስልክ ፈለግነው፤ አገር ለቆ ሄዷል ተባለ።

ቀበሌው አብሬው ሄድኩ። ወረፋ ይዘን ቆየንና ገባን። ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠው ሰውዬ ስሙን ሲሰማ ብድግ ብሎ ጨበጠው፤ ወንበር ሳበለት። ጉዳዩን ስነግረው ግን ሳቁ ጠፋ። ወረቀቱን ከፊቱ በጣቱ ገፋ አድርጎ፣ እንዲህ ዓይነት ነገር ለችግረኛ የሚሰጥ መሆኑን፣ ከላይ ሰው ቢመጣ እንደሚጠየቅበት ነገረን። እኔ የሚኖርበትን ቤት መጥተህ እይ፣ ጎረቤት ጠይቅ አልኩት።

«ወንድሜ፣ እኛም እኮ ፊልሙን አይተነዋል» አለኝ።

እንድሪስ ያበጠ ፊቱን ቀና አድርጎ አየው። «እኔም አይቼዋለሁ» አለ። «ልጁ ያልፍለታል።»

ሰውዬው እየቀለደ መሰለው፤ ተቀየመ። ሌላ ቀን ኑ አለን። ሌላ ቀን ሄድን፤ ስብሰባ ላይ ነው ተባለ። በሦስተኛው እንድሪስ እንቢ አለ። ጋሽ ሳልህ ከራሳቸው አውጥተው ሁለት ጊዜ አዲስ አበባ ላኩት፤ እኔም የቻልኩትን አደረግሁ። ሕመሙ ግን ሁለት ጊዜ በመሄድ የሚድን አልነበረም።

ለእናቴ እንዳትነግር ብሎ አስምሎኝ ነበር። መሐላዬን አፍርሼ ሐርቡ ወረድኩ። እማ ዘሃራ ነጠላቸውን አንስተው ተከተሉኝ። ቧንቧ ውሃ ደርሰን በሩን ስከፍት፣ የአፈር ወለሉን፣ ፍራሹን፣ ጥግ ላይ ያሉትን ባዶ የቀለም ጣሳዎች አንድ በአንድ አዩ። እንድሪስ ሊነሳ ሞከረ፤ አልቻለም።

«እኔም በሰው አፍ ፈረድኩብህ» አሉት። የተከመረ ልብሱን ሰብስበው ይዘው ወጡና ጋሽ ሳልህ ግቢ ባለው ቧንቧ ሥር ሲያጥቡ ዋሉ። እሱ በተከፈተው በር ያያቸዋል። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን ነው አብረው የኖሩት። ጋሽ ሳልህ እንደነገሩኝ በዘጠኙ ቀን ስለ ፊልሙ አንድም ጊዜ አላነሱም። ስለ ሐርቡ ሰው፣ ማን እንዳገባ፣ ማን እንደ ወለደ ሲያወሩ ይሰማቸው ነበር።

ጀናዛው ላይ የነበርነው ሃያ አንሞላም። ቀለም የቀባባቸው ሕንፃዎች ሠራተኞች፣ የሰፈሩ ሰው፣ መስጊድ ሰግደው ከአላህ ለሚገኘው ምንዳ ብለው የተከተሉ። ከመካከላቸው አንዱ ሟቹ ማን እንደሆነ ጠየቀ፤ ቀለም ቀቢ ነበር አሉት፤ አላህ ይዘንለት ብሎ አፈር ጨመረ። እማ ዘሃራ ቤት ቀርተዋል። ልሰናበታቸው ስገባ ጎረቤት ሴቶች ከበዋቸው ነበር፤ እጄን ይዘው ለረጅም ጊዜ አልለቀቁኝም።

አሥር ሰዓት ገደማ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሚኒባስ ያዝኩ። አጠገቤ የተቀመጠው ጎልማሳ ጫማዬ ላይ ያለውን ቀይ አፈር አይቶ፣ ቀብር ነበርክ እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ፣ እንድሪስ የሚባል ሠዓሊ አልኩት።

«እንድሪስ? የፊልሙ ሠዓሊ ስም እኮ ነው» አለ።

እሱ ነው አልኩት።

ሰውዬው በደግነት ሳቀብኝ። የፊልሙ እንድሪስማ ውጭ አገር ነው፤ የአጎቴ ልጅ በዓይኑ አይቶታል፤ ነጭ ሚስት አለችው፤ ለእናቱ የሠራላትንም ቤት ሰው ያውቀዋል፤ ስም ተመሳስሎብህ ነው እንጂ አለኝ። ሌሎቹም ተሳፋሪዎች ገቡበት። አንዲት ሴት ፊልሙን ሦስት ጊዜ ማየቷን፣ ያ ልጅ ከሞት ተመልሶ የእናቱን በር ሲከፍት ሁልጊዜ እንደምታለቅስ ተናገረች። ሁሉም ፊታቸው በርቶ ያወሩ ነበር። ኮምቦልቻ ከታች ሜዳው ላይ መታየት ጀምራለች።

«አንተ ግን እንድሪስን በአካል ታውቀው ነበር?» አለኝ ሰውዬው።

ከየት እንደምጀምርለት አጣሁ። ደክሞኝም ነበር።

«አይ» አልኩት። «እኔም በፊልም ነው የማውቀው።»